ለከርሰ ምድር ራዳር የትኛው አንቴና ይሻላል? የታመቁ ሰፊ ባንድ አንቴናዎች የንጽጽር መመሪያ

በኬብል ጫፍ ላይ ባለ 50 ኦም ሬዚስተር አስሮ የሚለካ ሰው ከየትኛውም አንቴና የበለጠ ያማረ የኤስ11 መስመር (ከተላከው ኃይል ምን ያህሉ እንደተመለሰ የሚያሳይ መለኪያ) ያያል። ከዝቅተኛው ድግግሞሽ እስከ ከፍተኛው ድረስ የተላከው ኃይል ከሞላ ጎደል ሳይመለስ ይዋጣል፤ ወደ መሬት የገባ ሞገድ ግን የለም። የከርሰ ምድር ራዳር (ሞገድ ወደ መሬት ልኮ ከሚመለሰው የተቀበረ ነገር የሚፈልግ መሣሪያ) አንቴና ለመንደፍ ወይም ለመምረጥ የተነሳ ሰው ይህን ቢያስታውስ ብዙ ድካም ይቀንስለታል። በየምርት መግለጫውና በየጥናት ጽሑፉ አናት ላይ የሚቀመጠው «ከዚህ እስከዚህ ጊጋኸርዝ ድረስ ኤስ11 ከኔጌቲቭ 10 ዴሲቤል በታች ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር አንቴናው ኃይሉን እንዳልመለሰው እንጂ ወዴት እንዳደረሰው አይነግረንም። ሬዚስተር የተጫነባቸው የታመቁ አንቴናዎች ደግሞ በዚህ መለኪያ ከሚገባቸው በላይ አምረው ይታያሉ።

ስለዚህ እዚህ ላይ አማራጮቹ የሚመዘኑት በቅድሚያ በሁለት ጥያቄዎች ነው። አንቴናው ፐልሱን (አጭሩን የሞገድ ምት) ከላከ በኋላ በምን ያህል ፍጥነት ዝም ይላል? መሬት ላይ ሲቀመጥና መሬቱ ሲለዋወጥስ ጠባዩ ምን ያህል ይቀየራል? የባንዱ ስፋት ሦስተኛ ጥያቄ ነው፤ አስፈላጊ ቢሆንም ከሁለቱ አስቀድሞ ከተነሳ ያሳስታል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ክብደት በትንሽ ስሌት ይታያል። እያንዳንዱ ክንዱ 15 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ምንም ሬዚስተር ያልተጫነበት ቦውታይ አንቴና (ሁለት ሦስት ማዕዘን ክንዶች በጫፋቸው የተፋጠጡበት) ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ (ሞገዱን ምን ያህል እንደሚያዘገይ የሚያሳየው ቁጥር) 9 በሆነ አፈር ላይ ተቀምጧል እንበል። ከመሃል የተነሳው የኤሌክትሪክ ፍሰት እስከ ክንዱ ጫፍ ሄዶ ሲመለስ 30 ሴንቲሜትር ይጓዛል፤ በአየርና በአፈር መካከል ባለው ወሰን ላይ የሞገዱ ፍጥነት በ2.2 እጥፍ ገደማ ስለሚቀንስ ጉዞው ወደ 2.2 ናኖሰከንድ ይፈጃል። ፍሰቱ ከጫፍ በተመለሰ ቁጥር እንደገና ይረጫል። በዚያ አፈር ውስጥ ሞገድ በአንድ ናኖሰከንድ 10 ሴንቲሜትር ስለሚሄድ፣ የ2.2 ናኖሰከንድ መዘግየት የደርሶ መልስ ጉዞው ሲታሰብ 11 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ነገር መስሎ ይታያል። መሬት ውስጥ ምንም ሳይኖር በየ11 ሴንቲሜትሩ እየደበዘዘ የሚደጋገም ሐሰተኛ ንብርብር ይፈጠራል፤ እውነተኛው የቧንቧ ምልክትም በእነዚህ መካከል ይሰወራል። ይህን ቀሪ ንዝረት እንለዋለን፤ ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በአብዛኛው የሚሽከረከረው በእሱ ዙሪያ ነው።

መሬቱን ማወቅ ይቀድማል

ሁለት ነገሮችን ነጥሎ ለማየት የሚያስፈልገው የባንድ ስፋት የሚገኘው በመሬቱ ውስጥ ያለውን የሞገድ ፍጥነት ለመለየት በምንፈልገው ርቀት ሁለት እጥፍ በማካፈል ነው። ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ 8 በሆነ ኮንክሪት ውስጥ በ5 ሴንቲሜትር የተራራቁ ሁለት የፌሮ ረድፎችን ለመለየት ወደ 1.1 ጊጋኸርዝ ስፋት ያስፈልጋል። በዚያው ቁስ ውስጥ የ20 ሴንቲሜትር ልዩነት የሚበቃው ሰው ግን ከ300 ሜጋኸርዝ በታች ይበቃዋል። ከዚህ በላይ ያለ ስፋት የማይጠቅም ብቻ ሳይሆን ለሬዲዮና ለሞባይል ስልክ ጣልቃ ገብነት በር የሚከፍት ነው።

ጥልቀቱን የሚወስነው ደግሞ መሬቱ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ነው። ብዙም በማይውጥ አፈር ውስጥ በአንድ ሜትር የሚጠፋው ኃይል በዴሲቤል ሲሰላ፣ በሲመንስ በሜትር የተለካውን የማስተላለፍ አቅም በ1640 አባዝቶ በዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ ካሬ ሥር ማካፈል ጥሩ ግምት ይሰጣል። የማስተላለፍ አቅሙ 0.001 ሲመንስ በሜትር፣ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱም 4 የሆነ ደረቅ አሸዋ በሜትር 0.8 ዴሲቤል ብቻ ይወስዳል። የማስተላለፍ አቅሙ 0.05፣ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ 16 የሆነ እርጥብ ሸክላ አፈር ግን ከ20 ዴሲቤል በላይ ይውጣል።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች አንቴና ሲመረጥ ብዙ ጊዜ ችላ የሚባል ነገር ያስረዳሉ። ቀሪ ንዝረትን ለማጥፋት ሬዚስተር ስንጭን የኃይል ብክነት እንቀበላለን፤ በላኪውና በተቀባዩ አንቴና በአንድነት 12 ዴሲቤል አጣን እንበል። በሸክላው አፈር ውስጥ ሞገዱ ሄዶ ሲመለስ በእያንዳንዱ ሜትር ጥልቀት 40 ዴሲቤል ስለሚጠፋ፣ ያጣነው 12 ዴሲቤል ከ30 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ጥልቀት ነው። በደረቁ አሸዋ ውስጥ ግን፣ ሞገዱ እየተበተነ የሚደክመውን ሳንቆጥር፣ ያው 12 ዴሲቤል ከ7 ሜትር በላይ ዋጋ አለው። ስለዚህ በሸክላማ መሬት ላይ ለሚሠራ ሰው ሬዚስተር የተጫነበት አንቴና ርካሽ ግዢ ሲሆን፣ በበረዶ ግግር ወይም በደረቅ አሸዋ ላይ ለሚሠራ ሰው ያው አንቴና ውድ ነው። «ብቃቱ ዝቅተኛ ነው» ተብሎ የሚነቀፍ አንቴና መነቀፍ ያለበት የሚሠራበት መሬት ከታወቀ በኋላ ነው።

የመታመቅ ዋጋ

አንቴና ባነሰ ቁጥር የሚከፈል ነገር አለ፤ እሱንም በንድፍ ብልሃት ማምለጥ አይቻልም። ላን ጄን ቹ እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ስሌት መሠረት፣ በአንድ ክብ ኳስ ውስጥ ሊቀመጥ የሚችል አንቴና ቢያንስ ምን ያህል ኃይል በራሱ ዙሪያ አምቆ እንደሚይዝ የኳሱ መጠን ይወስነዋል። በ300 ሜጋኸርዝ ላይ፣ ራዲየሱ 8 ሴንቲሜትር በሆነ ኳስ ውስጥ ያለ አንቴና በአየር ውስጥ የኪው ዋጋው (አምቆ የሚይዘው ኃይል ከሚረጨው ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው ቁጥር) ከ10 ገደማ በታች ሊወርድ አይችልም፤ ይህም ማለት ኃይል ካላባከነ በስተቀር ባንዱ ከመሃል ድግግሞሹ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ራዲየሱ ወደ 16 ሴንቲሜትር ሲያድግ ዝቅተኛው ገደብ ወደ 2 ይወርዳል። መጠኑ ሁለት እጥፍ ሲሆን ገደቡ አምስት እጥፍ መውረዱን ልብ ይሏል።

«በእጅ መዳፍ የምትያዝ፣ ከ300 ሜጋኸርዝ የምትጀምር፣ ሰፊ ባንድ አንቴና» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው እንግዲህ ብክነቱ የት እንደተደበቀ መጠየቅ አለበት። ብክነት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ሳይነገር መቅረቱ ነው።

እንደ እድል ሆኖ መሬቱ ራሱ ያግዛል። ከመሬት ጋር ተጣብቆ የሚሠራ አንቴና የሞገዱ ርዝመት በአየርና በአፈር መካከል ያለ ዋጋ ስለሚይዝለት ያንሳል። በ400 ሜጋኸርዝ ላይ የአየር ግማሽ የሞገድ ርዝመት 37.5 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ ኮንስታንቱ 8 በሆነ መሬት ላይ የሚያርፍ ቦውታይ ከ18 ሴንቲሜትር ያነሰ ርዝመት ይበቃዋል። ይህን ቅናሽ የሚያገኘው ግን መሬቱን የነካ አንቴና ብቻ ነው፤ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ከፍ ሲል ቅናሹ በፍጥነት ይጠፋል።

ቦውታይ፦ የመሬት ተጣባቂዎች ቀዳሚ ምርጫ

ሁለት ሦስት ማዕዘኖች በጫፋቸው ተፋጠው የሚሠሩት ቦውታይ በከርሰ ምድር ራዳር መሣሪያዎች ውስጥ በብዛት የሚገኝ አንቴና ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ጠፍጣፋ ስለሆነ ከመሬት ጋር በቀላሉ ይጣበቃል፤ በተራ የሰርኪዩት ሰሌዳ ላይ ይታተማል፤ ላኪና ተቀባይ ጎን ለጎን በአንድ ሳጥን ይገባሉ። ከ2 ጊጋኸርዝ በታች ኤፍአር4 የተባለው ርካሽ ሰሌዳ የሚያስከትለው ብክነት የሚያስጨንቅ ስላልሆነ ለእነዚህ ድግግሞሾች ውድ ሰሌዳ መግዛት አያስፈልግም።

ድክመቱ ከላይ የተሰላው የጫፍ ነጸብራቅ ነው። መድኃኒቱም ታይ ሱን ዉ እና ሮኖልድ ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረቡት ሐሳብ ውስጥ ይገኛል፤ የአንቴናው ተቃውሞ ከመሃል ወደ ጫፍ እየጨመረ እንዲሄድ ከተደረገ ፍሰቱ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ይሟሟል። በተግባር ይህ የሚሠራው ክንዱን በጥቂት ቦታዎች ቆርጦ በየክፍተቱ ትናንሽ የገጽ ሬዚስተሮችን በመበየድ ነው፤ ከመሃል አጠገብ ያሉት ጥቂት ኦም፣ ከጫፍ አጠገብ ያሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ኦም ይሆናሉ። ከሬዚስተሮቹ ጋር ክፍተቶቹ ራሳቸው እንደ ካፓሲተር እንዲያገለግሉ ቢደረግ፣ ከሬዚስተር ብቻ ያነሰ ኃይል ይባክናል። እኔ ከሁለቱ ቅይጡን እመርጣለሁ፤ ሬዚስተር ብቻ መጫን የሚሻለው የመሥሪያው ጊዜ ሲያጥርና መሬቱ አስቀድሞ ሸክላማ መሆኑ ሲታወቅ ነው።

ሁለተኛው የቦውታይ ጣጣ ኢምፒዳንሱ (ለተለዋዋጭ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ) ከመሬቱ ጋር መለዋወጡ ነው። ቅርጹ ባዶ ቦታውን የሚመስል፣ ማለትም የክንዱ ማዕዘን 90 ዲግሪ የሆነ ቦውታይ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ያሱቶ ሙሺያኬ ባገኘው ሕግ መሠረት በአየር ላይ 188.5 ኦም አለው፤ ይህ ሕግ በጥብቅ የሚሠራው ወሰን ለሌለው ቅርጽ ቢሆንም ጥሩ ሬዚስተር ጭነት ያለው ቦውታይ ወደዚህ ይቀርባል። መሬት ላይ ሲያርፍ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ኮንስታንቱ 4 በሆነ ደረቅ አሸዋ ላይ ወደ 119፣ ኮንስታንቱ 9 በሆነ አፈር ላይ ወደ 84፣ ኮንስታንቱ 16 በሆነ እርጥብ መሬት ላይ ደግሞ ወደ 65 ኦም ይደርሳል። እንግዲህ ብዙ ንድፎች በልማድ የሚጠቀሙት ከ50 ወደ 200 ኦም የሚያሸጋግር ባላን (በኬብሉና በአንቴናው ክንዶች መካከል የሚገባ ማገናኛ) የሚስማማው አየር ላይ ለተንጠለጠለ ቦውታይ ነው። ኮንስታንቱ 9 በሆነ አፈር ላይ ያ ባላን ከኃይሉ 17 በመቶውን ይመልሳል፤ ከ50 ወደ 100 ኦም የሚያሸጋግረው ግን ከአንድ በመቶ በታች ይመልሳል። በእርጥቡ መሬት ላይም ከ5 በመቶ አያልፍም። መሬት ላይ የሚጎተት ቦውታይ የሚነድፍ ሰው የ100 ኦሙን ባላን ቢወስድ በአብዛኛው አይጸጸትም።

ስለ መከለያው ሳጥንም አንድ ነገር መባል አለበት። ኮንስታንቱ 9 በሆነ መሬት ላይ የተኛ አጭር ዳይፖል (ቀላል ባለ ሁለት ክንድ አንቴና) ወደ ታች የሚረጨው ኃይል ወደ ላይ ከሚረጨው በግምት 27 እጥፍ ነው፤ ታዲያ መከለያ ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ ወደ ላይ የሄደችው ትንሽ ኃይል በአየር ውስጥ አትዋጥም የሚል ነው። ከጣሪያ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከዛፍ ተመልሳ ከጥልቅ መሬት ከተመለሰው ደካማ ምልክት ጋር ልትተካከል ትችላለች። መከለያው ግን የራሱን ጣጣ ያመጣል፤ ባዶ የብረት ሳጥን እንደ ደወል ስለሚያስተጋባ ሞገድ በሚውጥ ፎም መሞላት አለበት፤ ቁመቱም በ500 ሜጋኸርዝ ላይ የሞገድ ርዝመቱ ሩብ እንዲሆን ከተፈለገ 15 ሴንቲሜትር ይደርሳል። አንቴናው ጠፍጣፋ ስለሆነ መሣሪያው ቀጭን ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

ቪቫልዲ፦ ከመሬት ከፍ ለሚል ሥራ

ፒተር ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ቪቫልዲ በሰሌዳ ላይ የተቀረጸ፣ ከጠባብ ስንጥቅ ተነስቶ እንደ መለከት እየሰፋ የሚሄድ አንቴና ነው። ሞገዱ የሚረጨው በሰሌዳው ጠርዝ አቅጣጫ ስለሆነ ሰሌዳው መሬት ላይ አይተኛም፤ አፉን ወደ ታች አድርጎ ይቆማል። ከዚህ አቀማመጥ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው ጥቅም ነው፤ ኬብሉ የሚገባበት ነጥብ ከመሬት ስለሚርቅ መሬቱ ሲለዋወጥ ኢምፒዳንሱ እንደ ቦውታይ አይናወጥም። ሁለተኛው ጉዳት ነው፤ የመሣሪያው ቁመት ያድጋል።

መጠኑን የሚወስነው ዝቅተኛው ድግግሞሽ ነው። የአፉ ስፋት ቢያንስ የረጅሙ ሞገድ ግማሽ መሆን ስላለበት፣ ከ1 ጊጋኸርዝ ለሚጀምር ቪቫልዲ 15 ሴንቲሜትር ሲበቃ፣ ከ400 ሜጋኸርዝ ለሚጀምር 37.5 ሴንቲሜትር ይፈለጋል፤ ርዝመቱም ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። የመሬቱ ቅናሽ እዚህ አይሠራም። በውጪው ጠርዝ ላይ ስንጥቆችን መቁረጥ፣ ጠርዙን ማጠፍ ወይም በስንጥቆቹ ውስጥ ሬዚስተር መጫን ዝቅተኛውን ወሰን ጥቂት ሊያወርደው ይችላል፤ ስንጥቆቹ ከኋላ የሚዞረውን ፍሰትም ስለሚያስታግሱ ቀሪ ንዝረትን ይቀንሳሉ። ይሁን እንጂ ከ500 ሜጋኸርዝ በታች በቪቫልዲ መታመቅን የሚፈልግ ሰው ከቹ ገደብ ጋር እየታገለ ነው፤ በእኔ ግምት ከዚያ በታች ቦውታዩ ያሸንፋል፣ ከ1 ጊጋኸርዝ በላይ ደግሞ ቪቫልዲው።

ከፍ ብሎ መሥራት የራሱ ዋጋ አለው። ሞገዱ ከአየር ኮንስታንቱ 9 ወደሆነ አፈር ሲገባ ከኃይሉ ሩቡ ከገጹ ላይ ይመለሳል፤ ሲወጣም እንዲሁ፤ በአንድነት 2.5 ዴሲቤል ነው። ኮንስታንቱ 16 በሆነ መሬት ላይ ይህ ወደ 4 ዴሲቤል ይጠጋል። ከዚህ ኪሳራ ይልቅ የሚያስቸግረው ከገጹ የተመለሰው ብርቱ ምልክት ነው። ጥልቀት ላይ ያሉትን ነገሮች አይጋርድም፤ ገጹ ሥር በጥቂት ሴንቲሜትሮች ያሉትን ግን ይሸፍናል። ስለዚህ በኮንክሪት ገጽ ሥር 3 ሴንቲሜትር ላይ ያለ ፌሮ የሚፈልግ ሰው አንቴናውን ያስጠጋ፤ የመንገድ ንብርብር ውፍረት በተሽከርካሪ ፍጥነት የሚለካ ሰው ደግሞ ከፍ ከማድረግ ሌላ ምርጫ የለውም።

ሆርኖች

ለመንገድ ሥራ በተሽከርካሪ ፊት ወይም ኋላ ከ30 እስከ 50 ሴንቲሜትር ከፍ ብለው የሚንጠለጠሉት አብዛኛውን ጊዜ ሆርኖች (የመለከት ቅርጽ ያላቸው አንቴናዎች) ናቸው። ከእነዚህ መካከል ቲኢኤም ሆርን፣ ማለትም እየሰፉ የሚራራቁ ሁለት የብረት ሳህኖች፣ ከአማራጮቹ ሁሉ ፐልሱን በጥቂቱ የሚያዛባ ነው፤ በሳህኖቹ መካከል የሚጓዘው ሞገድ ሁሉም ድግግሞሽ በአንድ ፍጥነት ስለሚሄድ የገባው ቅርጽ ከሞላ ጎደል ሳይለወጥ ይወጣል። ቀሪ ንዝረቱ የሚመጣው ከአፉ ጠርዝ ሲሆን፣ ጠርዙን ወደ ውጭ በመጠቅለል ወይም በሬዚስተር በመጨረስ ይታከማል። አንዱን ሳህን በሰፊ የብረት ወለል ተክቶ በግማሽ ሆርን መሥራት ባላን ከመፈለግ ያድናል፤ ይህም ጀማሪ ለሚሠራው የመጀመሪያ ናሙና ተስማሚ ነው። ውስጡን ኮንስታንቱ 4 በሆነ ቁስ መሙላት ደግሞ ርዝመቱን በግማሽ ያሳጥራል፤ ክብደቱ ግን ይጨምራል፣ ከቁሱ ወደ አየር በሚወጣበት ወሰን ላይም አዲስ ነጸብራቅ ይፈጠራል። የተሞላ ሆርን ትርጉም የሚሰጠው አፉ መሬቱን ሲነካ ነው።

ባለ ሁለት ሸንተረር ሆርን ለቤተ ሙከራ መለኪያ እጅግ ጥሩ ነው። ለመስክ ግን ከባድና ውድ ስለሆነ የታመቀ አንቴና በሚፈልግ ሰው ዝርዝር ውስጥ ሊቆይ አይገባውም።

ስፓይራል፦ የማይገባው ስም የወጣለት

ስፓይራል (ጠመዝማዛ) አንቴና ፐልስን ይበትናል ተብሎ ይነቀፋል፤ ነቀፋው እውነት ነው። ከፍተኛ ድግግሞሾች ከመሃሉ፣ ዝቅተኞቹ ከዳሩ ስለሚረጩ አጭር ፐልስ ወደ ረጅም ፉጨት ይቀየራል። ነገር ግን መበተንና ቀሪ ንዝረት አንድ አይደሉም። የስፓይራሉ መበተን የሚወሰነው በአብዛኛው በቅርጹ ስለሆነ፣ በተለይ ድግግሞሽ እየደረደረ በሚልክ ራዳር ላይ አንድ ጊዜ ተለክቶ በስሌት ሊቀለበስ ይችላል። የቦውታይ ቀሪ ንዝረት ግን ከመሬቱ ጋር ስለሚለዋወጥ ትናንት የተለካው ማረሚያ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። መመዘኛችን «ከመሬቱ ጋር ምን ያህል ይቀየራል» የሚለው ስለሆነ ስፓይራሉ ብዙዎች ከሚሰጡት ቦታ የተሻለ ይገባዋል፤ ከመሬት ጥቂት ከፍ እስካለ ድረስ።

ትልቁ ጥቅሙ ሞገዱ እየዞረ የሚሄድ መሆኑ ነው። ቦውታይ ከእሱ ጋር ትይዩ የሆነን ቀጭን የብረት ቧንቧ በደንብ ሲያይ፣ ቀጥ ብሎ የሚያቋርጠውን ሊያጣው ይችላል፤ ቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ ደግሞ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ነው። ስፓይራል በሁሉም አቅጣጫ ያለውን ቧንቧ በእኩል ያያል። ከዚህም በላይ፣ ጠፍጣፋ ገጽ ሲመታ የሞገዱ የመዞሪያ አቅጣጫ ስለሚገለበጥ፣ ላኪውም ተቀባዩም በአንድ አቅጣጫ የሚዞሩ ስፓይራሎች ከሆኑ ከመሬቱ ገጽ የሚመለሰው ብርቱ ምልክት በከፍተኛ መጠን ይታፈናል። ቀጭን ቧንቧ የሚመልሰው ግን ለሁለቱም አቅጣጫዎች እኩል ስለሚከፈል ግማሹ ይደርሰናል። ለቧንቧ ፈላጊ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ አግድም ንብርብር ለሚፈልግ ሰው ግን ያው ባሕርይ የሚፈልገውን ያጠፋበታል። መጠኑም መጥፎ አይደለም፤ የውጪ ዙሪያው የረጅሙን ሞገድ ርዝመት ማከል ስላለበት ለ400 ሜጋኸርዝ ዲያሜትሩ 24 ሴንቲሜትር ገደማ ነው።

በክብ ወይም በሞላላ የመዳብ ሳህን የሚሠሩትና ከ3.1 እስከ 10.6 ጊጋኸርዝ የሚሸፍኑት ትናንሽ ሞኖፖሎች (ባለ አንድ ክንድ አንቴናዎች) ለዚህ ሥራ አይመከሩም። ባንዱ የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2002 ለሰፊ ባንድ መገናኛ ከፈቀደው የመጣ እንጂ ከመሬት ባሕርይ የመጣ አይደለም፤ በእነዚያ ድግግሞሾች እርጥብ አፈር ሞገዱን ገና ከገጹ ይውጠዋል። ለቀጭን ደረቅ ግድግዳ ካልሆነ በቀር መተው ይሻላል።

ሮቨሮቹ ምን መረጡ?

ቦታም ክብደትም እጅግ በተወሰነበት ሥራ ላይ ባለሙያዎች የመረጡትን ማየት ከማንኛውም ሠንጠረዥ በላይ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጨረቃ ላይ ያረፈው የቻይናው ሮቨር (በሌላ ዓለም ላይ የሚጓዝ ተሽከርካሪ) ዩቱ ሁለት ራዳር ነበረው፤ በ60 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራው በሞኖፖሎች፣ በ500 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ደግሞ ከሆዱ ሥር በተገጠሙ ቦውታዮች። የሞኖፖሎቹ ምልክት በሮቨሩ የብረት አካል ነጸብራቅ ክፉኛ ታውኳል፤ ከአካሉ ሥር የነበሩት ቦውታዮች ግን የላይኛውን የጨረቃ አፈር ንብርብሮች ጥሩ አድርገው አሳይተዋል። በዝቅተኛ ድግግሞሽ አንቴናው ብቻውን አይረጭም፤ የተሸከመው አካል ሁሉ የአንቴናው ክፍል ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ማርስ ላይ ያረፈው ፐርሲቪራንስ የተሸከመው ሪምፋክስ የተባለ ራዳር ከ150 እስከ 1200 ሜጋኸርዝ ድረስ የሚሠራ ሲሆን፣ ከመሬት 60 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ከሮቨሩ ኋላ የተገጠመ የቦውታይ ቅርጽ ያለው የስንጥቅ አንቴና ይጠቀማል። በዚያው ዓመት ያረፈው ዡሮንግ ከ0.45 እስከ 2.15 ጊጋኸርዝ ለሚሠራው ክፍሉ ቪቫልዲ መርጧል። ለሮዛሊንድ ፍራንክሊን ሮቨር የተሠራው ዊዝደም የተባለ ራዳር ከ0.5 እስከ 3 ጊጋኸርዝ ድረስ በሁለት ፖላራይዜሽን (የሞገድ ንዝረት አቅጣጫ) የሚሠሩ ቪቫልዲዎች አሉት፤ ዓላማው 2 ሜትር ድረስ የሚቆፍረውን መሰርሰሪያ መምራት ስለሆነ ከጥልቀት ይልቅ ጥራትን አስቀድሟል። ማርስን ከታለሙት ከ150 ሜጋኸርዝ የጀመረው ወደ ቦውታይ ቤተሰብ፣ ከ450 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ የጀመሩት ወደ ቪቫልዲ ማዘንበላቸውን ልብ ይበሉ።

ከመወሰን በፊት የሚደረግ መለኪያ

በኮምፒውተር ሞዴል ማድረግ የግድ ነው፤ ጂፒአርማክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም መሬቱንና አንቴናውን በአንድነት ያሰላል። የስሌቱ ሕዋስ በመሬቱ ውስጥ ካለው አጭሩ ሞገድ አንድ አሥረኛ መብለጥ ስለሌለበት፣ ኮንስታንቱ 9 በሆነ አፈር ውስጥ ለ2 ጊጋኸርዝ 5 ሚሊሜትር ወሰኑ ነው፤ የአንቴናው መሃል ላይ ያለው ቀጭን ክፍተት ግን ብዙ ጊዜ ወደ 1 ሚሊሜትር ያስወርደናል።

ናሙናው ከተሠራ በኋላ በቬክተር ኔትወርክ አናላይዘር (ኤስ11ን በሚለካ መሣሪያ) ሦስት ጊዜ ይለካ፦ አፉ ወደ ሰማይ ዞሮ፣ ደረቅ አሸዋ በተሞላ ሰፊ ሳጥን ላይ፣ እና ያው አሸዋ ውኃ ከጠጣ በኋላ። በድግግሞሽ የተለካው ወደ ጊዜ ተቀይሮ ሦስቱ መስመሮች በአንድ ላይ ይሳሉ። መታየት ያለበት መስመሮቹ ምን ያህል ዝቅ ማለታቸው ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ናኖሰከንዶች በኋላ ምን ያህል መመሳሰላቸው ነው። የአሸዋውን ሳጥን ወለል ነጸብራቅ ከአንቴናው ቀሪ ንዝረት ለመለየት አንቴናውን 5 ሴንቲሜትር ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ ከወለሉ የመጣው በጊዜ ይንሸራተታል፣ ከአንቴናው የመጣው ባለበት ይቆያል።

በዚህ መካከል ኬብሉን በእጅ ጨብጦ መስመሩን ማየት ሊረሳ አይገባም። መስመሩ ከተንቀጠቀጠ ባላኑ ሥራውን እየሠራ አይደለም፤ ፍሰቱ በኬብሉ ውጪ ላይ እየሄደ ኬብሉ ራሱ ሦስተኛ አንቴና ሆኗል ማለት ነው። በኬብሉ ላይ የፌራይት ቀለበቶች ደርድሮ መለኪያው እንደገና ይደረግ፤ ልዩነቱ ትልቅ ሆኖ ከተገኘ የአንቴናውን ቅርጽ ከመቀየር በፊት ባላኑ ይቀየር።